ሲጥለው ያየ ሰው

በልጄ በቢተው የሕክምና ቦርድ ወረቀት ላይ፣ ከፊርማው ከፍ ብሎ፣ «መረጃ የሰጠው፦ ታካሚው ራሱ» የምትል መስመር አለች። ስህተት ናት። የዚያን ዕለት ቢተው ከስሙ በቀር የተናገረው የለም፤ ለጥያቄው ሁሉ የመለስኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ስቀበል የአባቱ ስም በትክክል መጻፉን አይቻለሁ፣ ማኅተሙን አይቻለሁ፣ ቀኑን አይቻለሁ። ያቺን መስመር ግን አላየኋትም። ሥራዬ ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ነው። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ስፌት እያገላበጥኩ ክር የዘለለበት ቦታ ላይ ቀይ ተለጣፊ ስለጥፍ እውላለሁ። የልጄን ወረቀት ግን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እንዲሁ ወስጄ አስገባሁት። መስመሯን ያየኋት ከሦስት ወር በኋላ፣ ማመልከቻው በተመለሰብን ቀን ነው።

የመለሱልን አቶ ገሰሰ ናቸው። በጦርነት የተጎዱ ወታደሮች የጡረታ ጥያቄ የሚያቀርቡበት ቢሮ ውስጥ አራተኛው መስኮት ላይ ይቀመጣሉ። ስሜን ሲጠሩ ገና ከድምፃቸው አለቀልን ብዬ ነበር። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነኝ፤ ስልክ ሲጠራም መርዶ ነው የሚመስለኝ።

«እናት፣ ተመልሷል» አሉኝ።

«ተከለከለ ማለት ነው?»

«አልተከለከለም። ተመለሰ ነው የምልዎት። ሁለቱ ወረቀቶች አልተስማሙም።» ጣታቸውን አንደኛው ላይ አሳረፉ። «ይሄ መጀመሪያ የተኛበት የጦር ሆስፒታል የጻፈው ነው። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ወድቆ ከቀኝ ጆሮው በላይ ፍንጣሪ ገብቶበታል፣ በቀዶ ጥገና ወጥቶለታል፣ ተኝቶ ሳለ ሁለት ጊዜ ጥሎታል ይላል። ይሄኛው የቦርዱ ነው። የሚጥል በሽታ የለበትም፣ እንቅልፉ ደህና ነው፣ የቀኝ ጆሮው መስማት ቀንሷል ይላል። ታዲያ አለቆቼ የቱን ይመኑ? በነርቭ ሐኪም በደንብ ተመርምሮ ይምጣ ብለዋል። ሲጥለው ያየ ሰውም ቀርቦ ለሐኪሙ ይንገር።»

«እንደገና ቢመለስስ?»

«እንደገናማ አይመለስም። በጆሮው ብቻ ይዘጋል። ጆሮ ብቻውን ደግሞ ጡረታ የሚያስገኝ የጉዳት መቶኛ ላይ አያደርስም።» ወረቀቶቹን በመስኮቱ ሥር ገፉልኝ። «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ሰባት።»

«ገና ብዙ የሚኖር ልጅ ነው እኮ» አሉና የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠሩ።

ደጅ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። የሚጥል በሽታ የለበትም ያለው ሐኪሙ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

በጥቅምት፣ ቦርዱ የተቀመጠ ዕለት፣ አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሦስት ሰው ይታይ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ወንድሟን ይዛ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ካርዱን እያየ «ይጥለዋል?» ሲል ቢተው ወደ እኔ ዞረ። ሐኪሙ የተቀመጠው በቀኙ ስለነበር አልሰማውም። እኔ «ኧረ በጭራሽ» አልኩ። «እንቅልፍስ?» «ደህና ይተኛል።» የሺመቤት እየሰማች ሌላ ምን ልበል? ልጅ ሳለሁ ደብረ ታቦር ላይ ጎረቤቶቻችን የሚጥላት ልጅ ነበረቻቸው። ውኃ የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻዋ ነበር። ስትወድቅ አረፋው ይነካናል ብለን እንሸሽ ነበር። እኔም ሸሽቻለሁ። ስትሞት እናቷ ጣሳውን ራቅ ወስዳ ቀበረችው።

ለቢተውም አልነገርኩትም። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚመጣበት ሊነጋጋ ሲል፣ በእንቅልፉ ነው። ሲነቃ ምንም አያስታውስም። «ሰውነቴ እንደተደበደበ ሰው ሆኗል፣ ምላሴም ቆስሏል» ሲለኝ «ደክሞህ ነው፤ በእንቅልፍህ ነክሰኸው ነው» እለዋለሁ። ሆስፒታል ሳለ የጣለውን ሁለቱን ነርሶቹ ነግረውታል። እቤት ከመጣ በኋላ ቀን ላይ፣ ሰው ፊት የጣለውን ሁለቱንም ያውቃል። አራት ጊዜ ጥሎት የቀረ ነገር ነው ብሎ ያስባል። ሌሎቹን እኔ ይዣቸዋለሁ። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር የአምናና የዘንድሮ ካላንደር አለ። በጣለው ቀን ላይ ከፋብሪካ በኪሴ የማመጣውን ቀይ ተለጣፊ እለጥፋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የባሰብኝ ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ነው። አብሮት የዘመተው ጓደኛው አቢ ሚኒባስ ገዝቶ «መንጃ ፈቃድህን አውጣና አንተ ያዝልኝ» ብሎታል። ቢተው ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ የመኪና ማሠልጠኛ ገብቶ የጽሑፍ ፈተናውን አለፈ። ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ ግን የመንዳት ፈተናው ላይ እንዲወድቅ ለማርያም ተሳልኩ። አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ፣ አደባባይ ላይ፣ እጁ መሪውን እንደያዘ ሲጥለው በዓይኔ ይመጣብኛል። ንገሪው ይለኛል አንዱ ሐሳቤ። ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ።

የነርቭ ሐኪም ቀጠሯችን ሊደርስ ሲል ሰኪና ጋ ወረድኩ። ሰኪና የወሎ ልጅ ናት፤ ቡልቡላ፣ ከእኛ ብሎክ ሥር ሱቅ አላት። ቀን ላይ ከጣለው ከሁለቱ ጊዜ በአንዱ፣ ቢተው ደረጃው ላይ ሲወድቅ ሮጣ የመጣችው እሷ ናት።

«ሰኪና፣ ያን ቀን ቢተው ሲወድቅ አይተሽዋል አይደል?»

«አይቻለሁ።» ስኳር እየመዘነች ነበር።

«ለሐኪሟ ትነግሪልኛለሽ?»

«አንቺስ የት ልትሄጂ ነው?»

«እኔማ የለበትም ብዬ ተናግሬ የለ። አሁን ምን ብዬ እገባለሁ?»

ስኳሩን ፌስታል ውስጥ ገልብጣ ቋጠረችው። «ምንትዬ፣ እኔ ያየሁት አንዴ ነው። ለዚያውም ያየሁት ጫማውን ነው፤ አንቺ በነጠላ ከልለሽው። ውሸቱን አንቺ ተናግረሽ እውነቱን እኔ ልናገርልሽ?»

«ቀስ በዪ፣ ሰው ይሰማል።»

«የትኛው ሰው? ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታበስል ሴት በሳምንት ሦስት ክብሪት ከእኔ ትገዛለች። ሲጋራ ጀምራ ይሆን እንዳልል ስትስል አልሰማም።»

ክብሪቱ ለማሽተት ነው። ሲጥለው እጭርና ጭሱን ከአፍንጫው ሥር አደርግለታለሁ፤ እናቶቻችን ሲያደርጉ ያየነው ነው። እንደዚያ ስትለኝ ሳቄ መጣ። ሳቁ መሀል ላይ ተበላሸና አለቀስኩ። ሰኪና አላባበለችኝም። ለአንድ ልጅ ማስቲካ ሸጣ ተመለሰችና «ሂጂና ተናገሪ። የሚሰድብሽ ካለ ወደ እኔ ላኪው» አለችኝ።

ሐሙስ ከቢተው ጋር ሄድን። ካላንደሮቹን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ፤ ላውጣቸው አላውጣቸው ግን ገና አልወሰንኩም። ሐኪሟ ዶክተር ሣባ ይባላሉ፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንሱም። ቢተውን ግራ ጆሮው ወደ እሳቸው እንዲሆን አድርገው አስቀመጡት።

«እንዴት ነህ፣ ቢተው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«እሱ የሰላምታው ነው። አሁን የሕመሙን ንገረኝ።»

ቢተው ፈገግ አለና ነገራቸው። ራሱን እንደሚያመው፣ ጆሮው ውስጥ ሌት ተቀን ጀነሬተር እንዳለ፣ አንዳንዴ የግራ እጁን ጣቶች ጉንዳን እንደሚወራቸው። ይሄን የጉንዳኑን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አፌ ሊቀድመው ሁለት ጊዜ ተከፈተ፤ ሁለቴም ዘጋሁት።

«ስንት ጊዜ ጥሎሃል?»

«አራት ጊዜ። አሁን ግን ቆሟል። ሰባት ወር አልፎታል።»

«መቆሙን በምን አወቅህ?»

«አልወደቅኩማ።»

ዶክተር ሣባ የቦርዱን ወረቀት አነሡ። «እዚህ ላይ ጭራሹኑ የለበትም ይላል። ይሄን የተናገረውም ራሱ ነው ይላል። ሰው ሲጥለው ራሱን አያይም። እንዴት አድርጎ ራሱ ይናገራል? አብሮህ የሚያድር ማን ነው?»

ቢተው «እናቴ» አለ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አራት ነው ብል ከቢተው ቃል ጋር ይገጥማል፤ ማንም አይጣላኝም። መንጃ ፈቃዱንም ያወጣል። ፋይሉም፣ ቆሟል ተብሎ፣ በጆሮው ይዘጋል። አንድ ቀን ደግሞ ስልክ ይጠራል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የለበትም ያልኩትም እኔ ነኝ፣ ዶክተር። ዋሽቼ ነው።» ካላንደሮቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው።

ቢተው ተነሥቶ ከላይ አያቸው። «ይሄ ቀዩ ምንድን ነው፣ እማ?»

«የጣለህ ቀን ነው።»

በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። «የጥምቀት ማግስት? ያን ቀን ምላሴ ቆስሎ...»

«አዎ።»

«ደክሞህ ነው ብለሽኝ።»

«አዎ።»

መቁጠሩን ጨርሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላየም።

ዶክተር ሣባ ጊዜ አልሰጡኝም። ሲጀምረው የቱ ነው የሚቀድመው? ዓይኑስ ወዴት ይሄዳል? ስንት ደቂቃ? በቃል ሲያቅተኝ ተነሥቼ በራሴ ሰውነት አሳየኋቸው። የግራ እጄን ጣቶች አጠፍኩ፣ ክርኔን ወደ ደረቴ ሳብኩ፣ አፌን ወደ ግራ አጣመምኩ። ልጄ ፊት የልጄን በሽታ ሆንኩ። ሐኪሟ ብዕራቸውን አቆሙ።

«ሁልጊዜ በግራው ነው የሚጀምረው?»

«ሁልጊዜ።»

«ፍንጣሪው የገባው በቀኝ ነው። የግራውን እጅ የሚያዘው የቀኙ አንጎል ነው። በሽታው ከዚያ ቁስል የመጣ መሆኑን የሚያሳየኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ይሄን ደግሞ ያየ ሰው ካልነገረኝ ከየትም አላገኘውም።» አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ። መረጃ የሰጠው በሚለው ላይ የእኔን ስም ጠይቀው አስገቡ። ከዚያ ቀና ብለው «ምን መድኃኒት ይወስዳል?» አሉ።

«ምንም። ጸበል ወስጄዋለሁ።»

«ጸበሉን ይቀጥሉ፣ ኪኒኑን ደግሞ ይዋጥ።»

ስለ ክብሪቱም ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። እሱን ይተዉና በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓትም ይያዙ አሉኝ።

መጠየቅ ያልነበረብኝን ጠየቅኩ። «መድኃኒቱን ቀደም ብሎ ጀምሮት ቢሆን ኖሮስ?»

አንድ ጊዜ ቢተውን አዩት። «ብዙዎቹ ላይመጡ ይችሉ ነበር።»

ቢተው ያን ጊዜ ብቻ ተናገረ። «መኪናስ?»

«አሁን አትነዳም። መድኃኒቱን ይዘህ ሳይጥልህ ቢያንስ አንድ ዓመት ትቆይና እንነጋገራለን። ሰኞ የጭንቅላት ምስል ትነሣለህ፤ እሱ ሲደርስ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ እጽፍልሃለሁ።»

ከግቢው ስንወጣ ኪኒኑን ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። «አንቺ ሂጂ። እኔ እመጣለሁ።»

«የት ልትሄድ ነው?»

አንድ የቆመ ታክሲ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ሃያ ሁለት እያለ ሲጣራ ሰማሁ፤ በሩ ሳይገጠም ሄዱ።

እቤት ደርሼ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝግ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዝግ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ የቀለበት መንገዱን፣ መሻገሪያ ድልድዮቹን፣ ክዳናቸው የተሰረቀ ጉድጓዶችን አሰብኩ። መንገድ ላይ ቢወድቅ ሰው ሰከረ ብሎ ያልፈዋል። ወይም ደግሞ ሳይጥለው፣ አውቆ፣ በራሱ... እዚያ ላይ ሐሳቤን አቁሜ ሽሮ ጣድኩ።

ሰኪና ሱቋን ዘግታ ወደ እኔ ወጣች። ወንበር ሳትጠይቅ ተቀመጠች።

«ስልኩ ዝግ ነው» አልኳት።

«ባትሪ ጨርሶ ይሆናላ። የልጄ የሱፍያን ስልክ መቼ ክፍት ሆኖ ያውቃል?»

«እኔን እንዳያይ ብሎ ነው።»

«እሱማ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለአንድ ከሰዓት ላይሽ አልፈልግም ቢል ይበዛበታል?»

«ቢወድቅስ?»

«አንቺ አጠገቡ እያለሽም ወድቋል» አለች ሰኪና። ሽሮውን አማስዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አምቡላንስ ድምፅ በመጣ ቁጥር እነሣለሁ፤ እሷ ቀሚሴን ይዛ ታስቀምጠኛለች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን መጣ። ጫማው አቧራ በአቧራ ነው፤ ከሃያ ሁለት ድረስ በእግሩ ሳይመጣ አልቀረም። ልብሱ አልተቀደደም፣ ፊቱ ላይ ቁስል የለም። ገና ሳይቀመጥ አገላብጬ አየሁት።

«እትዬ ሰኪና፣ እናቴን እየጠበቁልኝ ነው?» አለ።

«እየጠበቅኋትማ ነው። ብርቱ እስረኛ ናት።»

ተቀመጠ። «ማሠልጠኛው ሄጄ መቅረቴን ነገርኳቸው። ከዚያ አቢ ጋ ሄድኩ።»

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ምን ይላል። መኪናውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። አሥራ ዘጠኝ ስለው አላመነኝም። እኔም ገና አላመንኩም።»

«ቢተው፣ እኔ...»

«ተይው፣ እማ። ዛሬ ይቅርታ አትበይኝ። ዛሬ ብትዪኝ እሺ እልሽና ውሸት ይሆናል።»

እንጀራውን አቀረብኩለት። በላ። ውኃ ጠጣ። እጁን ታጥቦ ሲመለስ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ግራ ጆሮውን ወደ እኔ አድርጎ፣ «ሲጥለኝ ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

ሰኪና ልትነሣ ስትል በእጁ እንድትቀመጥ አመለከታት።

«መጀመሪያ አንድ ድምፅ ታሰማለህ» አልኩት። «ከባድ ነገር ከመሬት እንደሚያነሣ ሰው። ከዚያ ግራ እጅህ ይጀምራል። ከዚያ ሰውነትህ በሙሉ።»

«እናገራለሁ?»

«አትናገርም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ትተኛለህ። ስትነቃ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስንት ሰዓት ነው ብለህ ነው።»

«አንቺስ ምን ትዪኛለሽ?»

«ገና አልነጋም እልሃለሁ።»

«ነግቶም?»

«ነግቶም።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሰኞ አብረሽኝ ትገቢያለሽ» አለ በመጨረሻ። «ያየሽውን አንቺ ትናገሪያለሽ። የሚሰማኝን እኔ እናገራለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው በቀኜ ከሆነ ክንዴን ንኪኝ፤ አትመልሺልኝ።»

«እሺ።»

«ሌላ ጊዜ ሲጥለኝም፣ ጥሎሃል በዪኝ።»

«እልሃለሁ።»

ሰኪና ሻሿን አስተካክላ ተነሣች። ቢተው ጫማውን መልሶ አጠለቀ። «ሁለተኛ ፎቅ ላይ መብራቱ ተቃጥሏል፤ እስከ ታች ልሸኝዎት» አላት። እኔም ብድግ አልኩ። አየኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አራት ፎቅ ነው። የሁለቱን እግር እየሰማሁ ተከተልኳቸው። ሦስተኛው ላይ ሰኪና የሆነ ነገር አለችው፤ እሱ አጭር ነገር መለሰ። ሁለተኛው ላይ ድምፃቸው ጠፋ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። መውጣት፣ ከላይ ዘንበል ብሎ መጣራት፣ ያ ሁሉ እግሬ ላይ ነበር። አልወጣሁም። ከታች የሱቁ ቆርቆሮ ተንኳኳ፣ «ደህና እደሩ» ሲል ሰማሁት፣ ከዚያ ምንም የለም። ከዚያ አንድ እግር ብቻውን መውጣት ጀመረ። ቀስ ይላል። ጨለማው ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀጠለ።

ገባ። ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ በቆመበት ዋጠ። «እደሪ፣ እማ» አለኝና የውጭውን በር ገጥሞ ከውስጥ ቁልፉን ሁለቴ አዞረው።